የአሥራ አንደኛው በርሜል ውታፍ

ኦስበርት ዊንተርሰን ሞቶ እንኳ ንቀቱ ከፊቱ አልጠፋም። «አንካሳው በግ» በሚባለው የመንደራችን መጠጥ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ በሁለት የቢራ በርሜሎች መካከል በጀርባው ተዘርግቶ፣ ጣሪያውን «ይሄም ጣሪያ ተብሎ?» እንደሚል ሰው ያየው ነበር። ጭንቅላቱ በአንድ ጎኑ ተፈርክሷል። ደም የነካው የእንጨት መዶሻ ከእግሩ ሥር ወድቋል።

በሞተ ሰው ክፉ መናገር አልወድም ልጆቼ፤ ግን ያ ሰው በሕይወቱ አንድም ሰው ፊት ለፊት አመስግኖ አያውቅም። በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ ለሚደረገው የቢራ በዓላችን በርሜል የሚመርጠው እሱ ነበር። ይቀምሳል፣ አፍንጫውን ይነፋል፣ ይተፋል። የአንዱን ጠማቂ ቢራ «የሰንበት ካልሲ እጣቢ» ብሎት ሰውየው ጠመቃውን ትቶ ዶሮ ማርባት ጀምሯል።

ቀትር ላይ ኢንስፔክተር ዊኒፍሬድ ሆልጌት መጣች። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የመጠጥ ቤት ምድር ቤት ጠባቂ ነበር፤ እሷም በበርሜል መካከል ነው ያደገችው። ቀድሟት የደረሰው ሳጅን የመጠጥ ቤቱን ባለቤት ሂልዳ ራምስደንን ሊይዝ ካቴናውን አውጥቶ ነበር። የምድር ቤቱ ቁልፍ በእሷ እጅ ነው። ጠዋት ዊንተርሰን «ይህ ምድር ቤት ለአይጥ እንኳ ያሳፍራል» ሲላት፣ «አንድ ቀን በዚሁ መዶሻ እልሃለሁ» ማለቷን ሰው ሁሉ ሰምቷል።

«ካቴናህን ለጊዜው ኪስህ ክተት» አለችው ኢንስፔክተሯ። «ሴት ስለዛተች ብቻ የምትታሰር ቢሆን፣ በባሌ ላይ በዛትኩት ብዛት እኔ ድሮ በታሰርኩ።»

ወርዳ አየች። ለበዓሉ የመጡት አሥራ ስምንት በርሜሎች በመደርደሪያቸው ላይ ተጋድመዋል። የዚህ ዓይነት ቢራ በርሜሉ ውስጥም ሕይወት አለው፤ ከላዩ ባለች ቀዳዳ ይተነፍሳል። ሲቀዳ የቀዳዳዋ ውታፍ ይነቀላል፣ ሲበቃ በመዶሻ መታ ተደርጎ ይዘጋል። ካልተዘጋ ቢራው በጥቂት ሰዓት ይሞታል፤ ጣዕሙ ይጠፋል።

በሬሳው ራስጌ ሁለት ብርጭቆዎች ነበሩ፤ አንዱ ከአሥረኛው፣ ሌላው ከአሥራ አንደኛው በርሜል የተቀዳ። ሟቹ ሁለቱን እያወዳደረ ነበር ማለት ነው። የአሥረኛው ውታፍ ተነቅሎ በርሜሉ ላይ ተቀምጧል። የአሥራ አንደኛው ግን ጥብቅ ተደርጎ ተመትቷል፤ አናቱ ላይም ቀጭን የደም ጭረት አለ። ከሟቹ ኪስ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣች፣ የመጨረሻውን ገጽ አነበበችና ቦርሳዋ ከተተችው።

ሂልዳ ሬሳውን ከደረጃው ላይ አይታ እንደተመለሰች፣ ከዚያ ወዲህ ከሳጅኑ በቀር ማንም እንዳልወረደ ነገረቻት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሁለት በርሜል ክፍቱን ብታገኚ?»

«ሁለቱንም እዘጋለኋ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እስከ ማታ የዕቃ እጣቢ ሊሆን።»

«የማን መሆኑን ሳታዪ?»

«ቢራ ምን በደለ?»

ጠዋት እዚያው የነበሩት ሌላው የበዓሉ ቀማሽ ሚስተር ክራብትሪ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ስለ ቢራ ሦስት መጽሐፍ ጽፈዋል። ስለ አንድ ብርጭቆ ቢራ «ከዝናብ በኋላ ያለ የድርቆሽ ሐዘን» ብለው ሩብ ሰዓት አወሩ። ኢንስፔክተሯ መጠጫው ክፍል ውስጥ ለማስጌጫ የተቀመጠ ባዶ በርሜል አሳይታ ውታፉ የቱ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው በሙሉ ልብ ቧንቧውን ነኩ። ሂልዳ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ጠማቂው ጋርት ኦልድሮይድ ነው። ቢራውን ዊንተርሰን ሦስት ዓመት አከታትሎ ከምርጫው ጥሎበታል፤ በዚህ ዓመት አሥራ አንደኛው የእሱ ነበር። በርሜል የሚወርድበት የጓሮ መዝጊያ ጠዋት ክፍት እንደነበር አልካደም። እሱ ግን በርሜሌን ካወረድኩበት ከማክሰኞ ወዲህ ምድር ቤቱን አልረገጥኩም አለ።

አመሻሹ ላይ ሁሉንም ላይኛው መጠጫ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሂልዳ እጆቿን በሽርጧ ጠቅልላ ሳጅኑን ታየዋለች፤ ሳጅኑም እሷን።

ኢንስፔክተሯ ወደ ሂልዳ ዞረች። «የአሥራ አንደኛውን በርሜል ወደ ጓሮ አስደፊው። ከጠዋት ጀምሮ ያለ ውታፍ ተከፍቶ ነው የዋለው። ሞቷል።»

ኦልድሮይድ ቀስ ብሎ፣ ስሕተት እንደሚያርም ሰው፣ «ተዘግቷል እኮ። አልሞተም» አለ።

«እንዴት አወቅክ?»

ኦልድሮይድ ወደ በሩ ተመለከተ።

«መዘጋቱን የምናውቀው እኔ፣ ሳጅኑና የዘጋው ሰው ነን» አለች። «ውታፉ አናት ላይ ደም አለ። ስለዚህ የተመታው ሰውየው ከወደቀ በኋላ፣ በዚያው መዶሻ ነው። ሂልዳ ብትሆን ሁለቱንም ትዘጋ ነበር። ሚስተር ክራብትሪ ቢሆኑ፣» አለችና በትሕትና አየቻቸው፣ «አንዱንም አይዘጉም፤ የሚዘጋው የቱ እንደሆነ አያውቁማ። የራሱን ዘግቶ የሌላውን ሰው ቢራ እንዲሞት የሚተው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሰው ገድለህ ቢራህ እንዳይበላሽብህ ተመለስክ፣ ጋርት።»

ኦልድሮይድ እጆቹን አየ። «በመዝጊያው ጠርቶ አስወረደኝ። ዓይኔ እያየ ቀመሰና መሬት ላይ ተፋው። ‹ለበጎች ስጣቸው፤ ከጠጡልህ› አለኝ። የተፋው የአባቴን አጠማመቅ ነው፣ እሜቴ። የአባቴን።»

ኢንስፔክተሯ ደብተሩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለጠችለት። በዊንተርሰን ደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «አሥራ አንድ። የዓመቱ ምርጥ። በዓሉ የሚከፈተው በዚህ ነው። ለኦልድሮይድ አሁን አይነገር፤ ይታበያል።»

ጋርት አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ሳጅኑ ሲያስነሳው እንደ ሕፃን ታዘዘ።

አያችሁ አይደል ልጆቼ፣ አመል ያወጣል ከመሀል። ያኛውን መናቅ አስገደለው፣ ይኼኛውን ቢራውን መንከባከብ አስያዘው። በዓሉ ያን ዓመት ቀረ። ሂልዳ ግን ሁሉም ሲሄዱ ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ የአሥረኛውን በርሜል ውታፍ አንስታ በቦታው መታችው። እርግጥ ቢራው ከሞተ ቆይቷል።