ኦስካር ቮድራ የማይጽፉት ቁጥር

የኦማሃው የሰብል መድን ኩባንያ ሊቀመንበር ኦስካር ቮድራ፣ በባለአክሲዮኖች ዓመታዊ ስብሰባ ዕለት ጠዋት፣ ከአዳራሹ መድረክ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። ማጅራታቸው ከሲሚንቶው ጋር ተላትሟል። መድረኩ ላይ በቆመው ጥቁር ሰሌዳ «ኩባንያችን ሠላሳ በመቶ አደገ» ተብሎ በትልልቁ ተጽፏል።

መርማሪ ኢርማ ፓቭሊክ አስከሬኑን አየች፤ ሰሌዳውን አየች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጡረታዋ ደርሷል፤ እግሯ ያብጣል፤ ሞት ሰልችቷታል።

«የሸሚዛቸው ቁልፎች ተበጥሰዋል» አለች። «ደረታቸውን ተይዘው ነው የተገፈተሩት።»

ከሟቹ ሌላ የአዳራሹ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ታናሽ ወንድማቸውን መርልን ጠራች።

«ትናንት ወንድምዎን ሰው ፊት ሰድበዋል አሉ።»

«አዎ፣ ሰድቤዋለሁ! ሌላ ኩባንያ ለመግዛት ብሎ አዲስ አክሲዮን እንደ ቆሎ በተነ፤ የኔ ድርሻ ሟሟ። የጠነሰሰው ግን የልጁ ባል ነው። ኦስካር የነቃው ዘግይቶ ነው።»

ቀጥሎ የሒሳብ ሹሟ ሌኖራ ገባች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ኩባንያው ዘንድሮ ስንት አደገ?»

«አላደገም።»

«ሰሌዳው ሠላሳ ይላል።»

«ከዕዳ የተጣራ ሀብቱ በሠላሳ በመቶ ጨምሯል፤ የአክሲዮኑ ብዛት ደግሞ በሠላሳ አምስት። ዳቦው ተለቀ፤ ቆራሹ ይበልጥ በዛ። አምና የአንዱ አክሲዮን የመዝገብ ዋጋ፣ ማለትም ሀብቱ ሲካፈል የሚደርሰው፣ ሃምሳ ዶላር ነበር፤ ዘንድሮ አርባ ስምንት። ሚስተር ቮድራ እድገትን በሌላ ለክተው አያውቁም።»

በመጨረሻ የልጃቸው ባል፣ ሥራ አስኪያጁ ከርቲስ መጣ። ክራቫቱን አሥሬ ያስተካክላል።

«አማቴ ማታ ስንለያይ ደስ ብሏቸው ነበር። ሠላሳ በመቶ ብለው ሲጽፉ ዓይኔ አይቷል። ‹እንኳን ደስ አለህ› አሉኝ።»

ኢርማ ሦስቱንም ከሰሌዳው ፊት ሰበሰበቻቸው። ውጭ ባለአክሲዮኖቹ ገበሬዎች በረዶውን ከጫማቸው ያራግፋሉ።

«መርል ገድለው ቢሆን» አለች በዝግታ፣ «ይህን አይጽፉም ነበር፤ ድርሻዬ ሟሟ እያሉ የሚጮኹት እሳቸው ናቸው። ሌኖራም ውሸት መጻፍ ምን ይጠቅማታል? ሟቹ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የሚጽፉት የአንዱን አክሲዮን ዋጋ ነው። ታዲያ ማን ጻፈው? ግዢውን የጠነሰሰ፣ በሠላሳው የሥራ አስኪያጅነት ወንበሩን የሚያተርፍ ሰው። ከርቲስ፣ ሲጽፉ አየሁ ያልከው አንተ ብቻ ነህ።»

«ማስረጃ አይሆንም!»

«የኮትህን እጅጌ ገልብጠው እስኪ። የሟቹን ጽሑፍ ከሰሌዳው በክንዱ የጠረገ ሰው ጠመኔው እንዲህ በቀላሉ አይለቀውም።»

ከርቲስ እጅጌውን አልገለበጠም። መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«‹በአራት በመቶ ቀነስን› ብለው ጻፉ። ለአንድ ዓመት ብቻ ዝም ይበሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ‹እነዚህ ሰዎች ያመኑኝ ለዚህ ነው› አሉኝ። አንዴ ነው የገፋኋቸው... አንዴ ብቻ።»

መርል ፊቱን አዞረ። ሌኖራ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ፖሊሱ ካቴናውን ሲያጠልቅለት ከርቲስ ቀና አለ።

«ሚስቴ ኦድሪ ገና አልሰማችም። ማን ይነግራታል?»

አባቷንም ባሏንም በአንድ ጠዋት።

«እኔ ነኛ» አለች ኢርማ፣ ወንበሩን ተደግፋ እየተነሳች። «ሁልጊዜ እኔ ነኝ።»