ሐይቅ የገባበት ናፍጣ

ዙሃራ ነስረዲን ጌጃ ሰፈር ውስጥ የናፍጣ ፖምፓ መጠገን ከጀመረች ስምንት ዓመት አልፏታል። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ጋሽ ነስረዲን ዓይናቸው ደክሞ ቤት ከዋሉ ወዲህ ጋራዡን የያዘችው ብቻዋን ነው።

በከር የመጣው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። የአብነት ሰፈር አናጢ ነው። ሦስት ዓመት ለፍቶ በገዛ እጁ ባለ ሸራ ጀልባ ሠርቶ ዝዋይ ሐይቅ ላይ አውርዷታል። ነፋስ ሲጠፋ የምትሄድበት ትንሽ የናፍጣ ሞተር አላት። ሞተሩ ግን ወደ ደሴቱ የሚሻገሩ እንግዶች እንደጫነ መሃል ሐይቅ ላይ ጠፍቶበት፣ ዓሣ አጥማጆች ጎትተው ነበር ያወጡት።

«ባለሙያው የሉም?» አለ፣ ፖምፓውን በማዳበሪያ ከረጢት እንደታቀፈ።

«ባለሙያዋ እኔ ነኝ። አስቀምጠው።»

ፈታታችው። ውስጡ ዝጓል።

«ውሃ ነው» አለችው።

«ናፍጣዬን በጨርቅ አጥልዬ ነው የምቀዳው እኮ።»

«ጨርቅ ውሃን መች ያግደዋል?»

ፖምፓው ውስጥ የቀረውን ናፍጣ ብርጭቆ ላይ ገልብጣ መስኮቱ ጋ አስቀመጠችው። እስኪረጋ ጠበቁ። ናፍጣው ከላይ ቀረ፤ ከሥሩ ጥርት ያለ ውሃ ተኛ። በከር ብርጭቆውን ትቶ ጣቶቿን ሲያይ እንደቆየ ያወቀችው ቀና ስትል ነው።

«ታንኩን ጎዶሎ አታሳድረው» አለችው ፈጠን ብላ። «ባዶው ቦታ የያዘው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ የታንኩን ግድግዳ ያልበዋል። ላቡ ወርዶ ከናፍጣው ሥር ይጠራቀማል። ሞልተህ አሳድር። ጠዋት ደግሞ ከታች ያለውን ቧንቧ ከፍተህ ትንሽ ቅዳና እይ፤ ውሃ ካለው ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስስ።»

ፖምፓውን አድሳ ከመለሰችለት በኋላ በከር በየሳምንቱ ከዝዋይ ሲመለስ፣ ከታንኩ ሥር የቀዳውን ናፍጣ እንድታየው በጠርሙስ ይዞላት ይመጣ ጀመር። በአራተኛው ሳምንት ዙሃራ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳችው።

«ይሄ ውሃ የለበትም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ ለምን ተሸክመኸው መጣህ?»

«አንቺ ስትዪው መስማት ደስ ስለሚለኝ።»

ሳቋን እንዳያይባት ወደ መፍቻዎቿ ዞረች። እሱም ቆሞ ሥራዋን ሲያይ ሰዓቱ ሄደ።

ግንቦት ላይ ነፋሱ በርትቶ ሰንብቶ ድንገት በቆመበት ቀን ሞተሩ እንደገና ጠፋ። አሁንም እንግዶች ጭኖ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆቹም ዳግመኛ ጎትተው አወጡት። የጀልባዋ ሸሪክ የሆነው የአጎቱ ልጅ ፈሀድ፣ «ሴት ያደሰችው ፖምፓ እንዲህ ነው» ብሎ ሰው ፊት ተሳለቀ። በከር ዝም አለ። ዝም እንዳለም ፖምፓውን ፈቶ ሰንጋ ተራ ወደሚገኝ ሌላ ጋራዥ ወሰደው። ወሬው በማግስቱ ጌጃ ሰፈር ደረሰ።

«በሌላ ሰው አስከፈተው» አለች ዙሃራ ለአባቷ። «እኔን አንድ ቃል ሳይጠይቀኝ።»

«ሥራሽን ታምኚዋለሽ?» አሏት።

«አምነዋለሁ።»

«እንግዲያው ተቀምጠሽ አታልቅሺ። ሄደሽ እዪው።»

«አላለቀስኩም፣ አባዬ።»

«ደግ። ቶሎ ትደርሻለሽ።»

በከር ዝዋይ ዳር ቆማ ሲያያት የሚገባበት ጠፋው። ሰላምታውን በአንገቷ ብቻ መልሳ ጀልባዋ ላይ ወጣች።

«ሸራውን ዘርጋና ውሰደኝ» አለችው።

ፈሀድም አብሯቸው ተሳፈረ። ነፋሱ ሸራውን ሲወጥረው ጀልባዋ ወደ ግራ አጋደለች። ዙሃራ ውሃ ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ጠርዙን አጥብቃ ያዘች፤ ዓይኗን ግን ከጀልባዋ ጎን አልነቀለችም። ታንኩ አየር የሚያገኝበት ቱቦ እዚያ ጎን ላይ አፉን ከፍቶ ይታያል። ጀልባዋ ባጋደለች ቁጥር ማዕበሉ ይሸፍነዋል።

«ተመልከት» አለችው። «ታንክህ ሐይቁን እየጠጣ ነው።»

በከር አየ። ቱቦውን እዚያ ያደረገው እሱ ራሱ ነበር፤ የጀልባዋን መልክ እንዳያበላሽ ብሎ።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለች። «ጀልባዋን ሳላያት ስለ ላቡ ብቻ ነገርኩህ። ፖምፓው ግን ደህና ነበር።»

ዳር ተመልሰው ከሰዓቱን ሙሉ አብረው ሠሩ። ታንኩን አጥበው አደረቁ። ቱቦውን ማዕበል ወደማይደርስበት ከፍታ ወስደው፣ አፉን እንደ ከዘራ እጀታ ወደ ታች ቆለመሙት። የመሙያው ክዳን ላስቲክ ተሰነጣጥቆ ስላገኘችው ቀየረችው። ከሰንጋ ተራ የተመለሰውን ፖምፓም በእጇ አስተካክላ ቦታው ገጠመችው።

ሥራው ሲያልቅ በከር ጀልባዋን ጎትተው ያወጡትን ዓሣ አጥማጆች ጠራቸው።

«ሁለት ጊዜ ያስቸገርኳችሁ በራሴ ጥፋት ነው» አላቸው። «ቱቦውን ያለ ቦታው ያደረግኩት እኔ ነኝ። የእሷ ሥራ እንከን የለውም።»

ፈሀድ አንገቱን ደፋ።

«ለእነሱ ነገርካቸው» አለች ዙሃራ ሰዎቹ ሲሄዱ። «ለእኔስ?»

በከር ወደ እሷ ዞረ። «ፈሀድ ሲሳለቅብሽ አልመለስኩለትም። ሞተሩ ከመጥፋቱ ይልቅ ያሳፈረኝ ያ ዝምታዬ ነው። ዙሃራ፣ እወድሻለሁ። ይህን የምልበት ፊት ግን የለኝም።»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ዙሃራ መፍቻዎቿን ሰበሰበች።

«ክረምቱ ይለፍ። ያን ጊዜ ፊት ካገኘህ፣ ሽማግሌ ላክ።»

ክረምቱን ሙሉ ታንኩ ውስጥ ጠብታ ውሃ አልተገኘም። በመስከረም ሽማግሌዎች ጌጃ ሰፈር ገቡ። ጋሽ ነስረዲን በከርን ራሱን አስጠርተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ልጄ ጋራዧን አትተውም። ይህን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ከአብነት ወደዚህ የምመጣው እኔ ነኝ።»

ከኒካው በኋላ ባለው ሳምንት ጋሽ ነስረዲን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባ ተሳፈሩ። መሃል ሐይቅ ላይ ነፋሱ ቆመ፤ ሸራው ተንጠለጠለ። በከር ሞተሩን ሲያስነሳው በአንዴ ተነሳ። ሽማግሌው መዳፋቸውን የሞተሩ ክዳን ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አዳመጡት።

«ልጄ ናት የሠራችው» አሉት አጠገባቸው ለተቀመጠው እንግዳ፤ እሱ ግን ምንም አልጠየቃቸውም ነበር። ትንሽ ቆይተው በሌላው ጎናቸው ላለችውም ደገሙላት።

ዙሃራ ሰምታቸዋለች። ፊቷን ሳታዞር፣ መሪውን በያዘው በበከር እጅ ላይ እጇን አሳረፈች። ጀልባዋ ውሃውን እየሰነጠቀች ወደ ደሴቱ ቀጠለች።