የመዓዚት አንገት

ንጉሥ ሳውዛር በአምባዘን ዙፋን ላይ በተቀመጠ በዐሥረኛው ዓመት፣ ዝናቡ ባቆመ በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ መዓዚት ሰባት ቅጠል አራገፈች። «ሰባት ቅጠል ቢረግፍ ምን ይገርማል?» የምትሉ አትጠፉም። ቆዩኝማ! መዓዚት ክረምት ከበጋ የምትለመልም፣ ሰባት ነገሥታት ሲፈራረቁ አንዲት ቅጠል ያልጣለች ናት።

በቤተ መንግሥቱ በር ፊት የቆመች፣ ቁመቷ ከሰው የማይበልጥ፣ ነጭ አበባ ያላት ቁጥቋጦ ነበረች። ሽታዋ ግን ከተማውን ሁሉ ያዳርሳል። ከከተማው በታች ባለው ሸለቆ ረሲት የሚሉት ጭጋግ ተኝቷል፤ የነካው ሰው የሚወደውን ይረሳል። ረሲት የመዓዚትን ሽታ አይችልም፤ ስለዚህ ዘመኑን ሁሉ ከሸለቆው ወጥቶ አያውቅም ነበር። በዚያ ማለዳ ግን ሽታዋ ደከመ፣ ጭጋጉም ሽቅብ ወጣ።

መጀመሪያ ያገኘው የአትክልቱን ሹም ደባልቄን ነው። ሰውዬው ከመዓዚት ሥር ተንበርክኮ የረገፈውን ቅጠል ይለቅማል። ሴት ልጁ ትርንጎ ትኩስ ቂጣ በቅቤ ይዛለት መጣች።

«አባዬ፣ ቁርስ።»

ቀና ብሎ አያት፤ ፈገግም አለላት። «እግዜር ይስጥሽ የኔ እመቤት። የማን ልጅ ነሽ?»

ትርንጎ የቀለደ መስሏት ሳቀች። አልቀለደም። እናቷን በሕፃንነቷ ቀብራለች፤ ያለ እርሱ ማንም የላትም። ቂጣው ከእጇ ወደቀ።

አሁን የአምባዘንን ልማድ ልንገራችሁ። በመዓዚት ፊት የሚያልፍ ሁሉ ከገዛ ግቢው እፍኝ አፈር ዘግኖ ይመጣና «ሺህ ዓመት ቁሚልን» ብሎ ከግንዷ ሥር ያፈስላት ነበር። የክብር አፈር ይሉታል። ድሃውም ጌታውም ያፈሳል፤ ያላፈሰ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። መዓዚት በታመመች ጊዜ ታዲያ ሽማግሌዎቹ ምን ቢመክሩ ጥሩ ነው? «ክብሯ ተጓድሎ ነው፤ አፈሩ ይጨመር!» ሕዝቡም በእፍኝ ይለው የነበረውን በቅርጫት አደረገው። በማግሥቱ ሌላ ሰባት ቅጠል ረገፈ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው።

ንጉሡ ጉባኤ ጠራ። መጽሐፈ ነገሥቱ ሲገለጥ እንዲህ የሚል ተገኘ፦ መዓዚት የተቆረጠችባት እናቲቱ በጣምራ ተራራ ላይ አለች፤ ከእርሷ የተቆረጠ ቢተከልና ቢያብብ ሽታው የተረሳውን ሁሉ ይመልሳል፤ ዛጎር የሚባል አውሬ ግን ይጠብቃታል፤ ጋሻ ይዞ የሄደ ሁሉ ባዶ እጁን ተመልሷል።

ትርንጎ ከሰው መሐል ወጥታ ቆመች። «እኔ የደባልቄ ልጅ ትርንጎ፣ በውሃና በአፈር እምላለሁ! ለጋ ቅርንጫፍ ሳልይዝ ብመለስ የአምባዘን ደጃፍ አይቀበለኝ። አባቴ በስሜ እስኪጠራኝ ድረስ ዕረፍት አይኑረኝ።»

ንጉሡ ሰይፉን ፈትቶ ሊሰጣት እጁን ዘረጋ።

«ሰይፉ ይቆየኝ ጃንሆይ» አለች። «ቅርንጫፍ በሰይፍ ሲቆረጥ ጫፉ ይጨፈለቃል። የአባቴ ቢላዋ ይበቃኛል።»

ደፋር ናት፤ ከዚያ በፊት ግን ከከተማው ወጥታ አታውቅም። መንገድ እንዲመራት የተሰጣት አያ ቡሬ ነበር፤ ዕድሜውን በበቅሎ ነጂነት የፈጀ፣ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ። በቅሎውን «እሜቴ» ብሎ ሰይሟታል። ለምን ቢሉት «ትእዛዝ እንጂ ሥራ ስለማትወድ» ይላል።

ሸለቆውን ያቋረጡት በቀትር ነው፤ በመዓዚት ላይ የቀሩትን ሁለት አበቦች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ አፍንጫቸው ላይ ይዘው። ጭጋጉ ግራ ቀኝ ይጠጋቸዋል። በየመቶ እርምጃው «አያ ቡሬ!» ትላለች፤ «አለሁ፣ ትርንጎ!» ይላታል። ማዶ ሲወጡ ሽማግሌው ቆሞ አሰበ።

«ሁሉም አለ» አለ። «ሚስቴ ስወጣ የሰደበችኝ ስድብ ብቻ ነው የጠፋኝ። ተመስገን!»

በአራተኛው ቀን ጣምራ ላይ ወጡ። እናቲቱ መዓዚት ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ቆማለች። የጠዋት ፀሐይ ፊቷን ይነካታል፤ የቀትሩን ወይራው ይከልላታል። ሥሮቿ በበሰበሰው ቅጠል ውስጥ ከላይ ከላይ ተዘርግተዋል። ከጎኗ ዛጎር ተኝቷል፤ በሬ ያህላል፣ ጀርባውን የድንጋይ ሽበት አልብሶታል፣ ቀንዶቹ ላይ ቅጠል በቅሏል።

ትርንጎ የሀገሯን ልማድ አልረሳችም። ከመቀነቷ ከአባቷ ግቢ የዘገነችውን አፈር ፈታች፤ «ሺህ ዓመት ቁሚልን» ብላም ከግንዱ ሥር አፈሰሰችው።

ዛጎር ተነሣ። ተራራው የተንቀጠቀጠ መሰላቸው።

«አንሺው!» አለ። «እናቴን በቁሟ አትቅበሪብኝ! አንገቷ አየር ይፈልጋል። ግንዷ ከሥሯ የሚገናኝበት ቦታ አፈር ከለበሰ ይበሰብሳል። ይህን ሳታውቂ ነው ልትወስጃት የመጣሽ?»

ትርንጎ በጉልበቷ ወድቃ አፈሩን በጣቷ ጠረገች። እየጠረገች ሳለ በበሩ ፊት የቆመችው መዓዚት ትዝ አለቻት፤ እስከ ወገቧ የተከመረባት የሰባት ትውልድ ክብር። «እኛ ነን!» ብላ ጮኸች። «አያ ቡሬ፣ እኛው ነን ያነቅናት!» ሽማግሌውም ከጎኗ ተንበርክኮ አፈሩን ይጠርግ ጀመር።

ዛጎር ልቡ ራራ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «ቅርንጫፉን ውሰጂ። ሕጉ ግን ይህ ነው፦ የምትቆርጠው እጅ ድርሻዋን እዚህ ትተዋለች። ከቆረጥሽባት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞትሽ አንዳች ሽታ አይሸትሽም።»

የአትክልተኛ ልጅ ናት እኮ! የአፈሩን ጥማት፣ የቅጠሉን ሕመም አባቷ ያስተማራት በአፍንጫዋ ነበር።

«የኔን አፍንጫ ውሰድ!» አለ አያ ቡሬ ወደ ፊት ወጥቶ። «ዕድሜ ልኬን በበቅሎ ኋላ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ ምን ይቀርብኛል? ቢላዋውን አምጪ፣ እኔ ልቁረጥ።»

«አይሆንም አያ ቡሬ» አለች፤ እንባዋ ይወርዳል። «ቡቃያው ከሚወጣበት ዐይን ሥር፣ በአንድ ምት ካልተቆረጠ ይደርቃል። የእርስዎ እጅ ገመድ እንጂ ቢላዋ አያውቅም።»

ወደ ቁጥቋጦዋ ጎንበስ ብላ አንድ አበባ አሸተተች፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ በጣም ለጋ ያልሆነ፣ በጣምም ያልጠና ቅርንጫፍ መርጣ ቆረጠች። በዚያው ቅጽበት ዓለም ከፊቷ አልጠፋም፤ አንድ በር የተዘጋ ያህል ግን ተሰማት። እያለቀሰች የታችኞቹን ቅጠሎች አራገፈች። ዛጎር ከጀርባው እርጥቡን የድንጋይ ሽበት አስነቀላት፤ በዚያ ጠቅልላ ይዛ ተመለሰች። በሸለቆውም ውስጥ ጭጋጉ ከቅርንጫፉ ሸሽቶ መንገድ ለቀቀላቸው።

ሲደርሱ አሮጊቷ መዓዚት ሞታለች፤ ግማሹ ከተማ የገዛ ልጁን አያውቅም። ትርንጎ ከበሩ ራቅ ብላ፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኘው ግድግዳ ጥግ ውሃ የማይቋጥር ቦታ መረጠች። አፈሩን ከፍ አድርጋ፣ ጥልቅ ሳታደርግ ተከለች፤ የበሰበሰ ቅጠልም ከአንገቷ ስንዝር አርቃ አነጠፈችላት። ገና ቀና ከማለቷ ሕዝቡ አፈሩን ዘግኖ ከበባት። ንጉሡም በወርቅ ሳሕን የክብር አፈር ይዞ ከፊት ቀደመ።

ትርንጎ ክንዷን ዘርግታ ቆመች። «ጃንሆይ፣ አይሆንም!»

ዘበኞቹ ሰይፍ መዘዙ። የንጉሡ ፊት ጠቆረ። «ሰባት ነገሥታት ያከበሩበትን እኔ ልተው ነው የምትዪኝ?»

«ሰባት ነገሥታት ናቸው የቀበሯት፣ ጃንሆይ። ካላመኑኝ የሞተችውን ይቆፍሩና አንገቷን ይዩ። ዋሽቼ ከሆነ ያንን ሰይፍ እኔ ላይ ያሳርፉ።»

ሳውዛር ሳሕኑን አስቀመጠ፣ ካባውን ገፈፈ፣ በገዛ እጁ ይቆፍር ጀመር። እስከ ክርኑ ገብቶ ነው አንገቷን ያገኘው። ጠቁሮ፣ ቦክቶ፣ በጣቱ ሲነካው ፈረሰ። ንጉሡ እጁን ከጉድጓዱ አውጥቶ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«አፈራችሁን ወደየቤታችሁ መልሱ» አለ። «ይህች ስታድግ፣ በየደጃችሁ ቅርንጫፏ ይተከላል። ከእንግዲህ በአንድ በር ላይ ብቻ አትቆምም።»

ጥፍሩን እንኳ ሳያጸዳ ወደ እልፍኙ ገባ።

ሦስት ክረምት አለፈ። ቁጥቋጦ በቁጣ አያብብም፤ ቀስ በቀስ ነው። ደባልቄ በየማለዳው ውሃ ይዞ ይመጣል፤ ልጁንም «እንደምን አደርሽ የኔ እመቤት?» ብሎ እጅ ነስቶ ያልፋል። ትርንጎም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች። ቁርሱንም በየቀኑ ታመጣለታለች።

አንድ ማለዳ ጎንበስ ብላ አረም ስትነቅል፣ ከኋላዋ የውሃው እንስራ ተሰበረ። ዞር ስትል አባቷ ቆሞ አየሩን ይስባል። ከፊቱ፣ ከቁጥቋጦዋ ጫፍ ላይ፣ አንዲት ነጭ አበባ ተከፍታለች። ከግንቡ ማዶ ረሲት ወደ ሸለቆው እየተንከባለለ ይወርዳል።

«ትርንጎ» አላት። «ቁርሱስ? ይዘሽ መጥተሽ አልነበር እንዴ?»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ዐይኗን ጠረገች።

«አባዬ፣ ሽታዋ እንዴት ነው?»

ደባልቄ ልጁን አያት፤ ከአበባው አጠገብ መሆኗን አየ፤ ገባው። ከጎኗ ተቀምጦ፣ ቀስ እያለ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት።

ዛሬ በአምባዘን መዓዚት የሌላት ደጅ የለችም። የክብር አፈርም ቀርቷል። በዓመቱ የደጁ ቁጥቋጦ መጀመሪያ ያበበችለት ሰው እጁን ታጥቦ ወደ ትርንጎ ቤት ይሄዳል፤ መደቡ ላይ ተቀምጦም ሽታዋ ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ ይነግራታል።