ከታች ወደ ላይ

የፊልም ካሜራ ባለሙያዋ ትርሲት ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን መዞር ትወዳለች። የአሁኑ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ድሮ የባቡር ሠራተኛ ይኖርበት የነበረ ቤት ነው። የመስኮቶቹን መዝጊያ ሳትከፍት፣ በጣውላው ስንጥቅ ሾልኮ የሚገባውን የረፋድ ብርሃን እየተከተለች፣ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ እየሰማች፣ የእያንዳንዱን ትዕይንት አቀራረጽ በደብተሯ ትነድፋለች። ፊልሙ ባሏን ስለምትፈራ ሴት ነው። ሚስትየዋን ከላይ ወደ ታች ትቀርጻታለች፤ ታንሳለች፣ ታሳዝናለች። ባልየውን ከታች ወደ ላይ፤ ይገዝፋል፣ ያስፈራል።

የባልየው ተዋናይ ገና ከአዲስ አበባ አልመጣም። ቤቱ ውስጥ ሦስት ናቸው፤ እሷ፣ ዳይሬክተሩ ጋሽ ሙሉሰው፣ ሚስትየዋን የምትጫወተው ራውዳ።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት የተቀረጸውን ስትመለከት፣ ያልቀረጸችው ሠላሳ ሰከንድ አገኘች። መኝታ ቤት ካለው የብረት አልጋ ሥር ሆኖ የተቀረጸ ነው። የራሷ እግሮች ይመላለሳሉ፤ ከዚያ ፊቷ ከላይ፣ ትልቅ ሆኖ። ከካሜራው ጀርባ የታፈነ ትንፋሽ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ካሜራዬን ነክተው ነበር?»

«እኔ? ማብራቱንስ መቼ አውቅበትና!»

ራውዳ ሳቀች። ትርሲት አልሳቀችም። የሁለቱንም ጉልበት በዓይኗ ፈተሸች፤ አቧራ የለም።

በማግስቱ ካሜራውን ከአንገቷ ሳታወርድ ዋለች፤ ምሳም አንግታው በላች። ማንን እንደምትጠረጥር ስላላወቀች ሁለቱንም ጠረጠረች፤ ውሃ ሲያቀብሏት አልጠጣችም። ከሰዓት ሦስት ተንቀሳቃሽ ምስሎች ተጨምረው አገኘች። ሁሉም ከአልጋው ሥር ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ከመፍራት ይልቅ እንደ ባለሙያ አየቻቸው። ጋሽ ሙሉሰውና ራውዳ ሲያልፉ ምስሉ ረጋ ያለ ነው። እሷ ስትገባ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ግድግዳው ይሸሻል፤ ትንፋሹ ይቆማል። ደጋግማ አየችው። ማንም ይሁን የቀረጸው እየተደበቀ ነው፤ የሚደበቀውም ከእሷ ነው።

«እኔ ምን አደረግኩ?» አለች ለብቻዋ።

ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በሆዷ እየተሳበች አልጋው ሥር ገባች። የዛገ ብረት፣ የአቧራና የቆየ ላብ ሽታ አፈናት። የቤቱ ወለል ሁሉ ቀዝቃዛ ሲሆን የተኛችበት ቦታ ብቻ ሞቆ ነበር፤ አሁን ሰው የተነሳበት ይመስላል። እዚያ ማንም የለም። ከዚያ ሆና ስታየው በሩ ሩቅና ረጅም ነው።

የጋሽ ሙሉሰው ጫማና የራውዳ ነጠላ ጫማ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ይቺ ልጅ የት ገባች?»

«አሁን እዚህ ነበረች እኮ፣ ጋሼ። ትርሲት!»

መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች።

«አለሁ፣ መጣሁ!» አለ ከኮሪደሩ የራሷ ድምፅ።

ሁለቱ እፎይ ብለው ወደ ሳሎን ሄዱ። ከዚያ ትርሲት ያደረገችውን ጫማ ያደረጉ እግሮች ሳይቸኩሉ ወደ መኝታ ቤቱ ገቡ፤ በሩም ከውስጥ ተቆለፈ።