የሼኩ ውሃ

ክዳኑ ተፈናጥሮ ሲወድቅ ያንዴ ጠርሙሱን ለመያዝ እጇን ሰደደች፤ አልደረሰችበትም። አያቷ ሁለት ቀን ተጉዘው፣ ሼኩን ቁርኣን አስነብበውበት ያመጡት ውሃ አንድ ጠብታ ሳይቀር አሸዋው ውስጥ ሰረገ።

ታላቅ ወንድሟ ንጎር ያለዚያ ውሃ ታግሎ አያውቅም። ወደ ሜዳ ሊገባ ሲል አናቱ ላይ ያፈስሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ፍርሃት የሚባል ነገር አያውቅም። ዛሬ ደግሞ ያሸነፈ ዳካር ሄዶ ይሠለጥናል። የትግሉ ከበሮ መመታት ጀምሯል። ምን ታድርግ? ወደ ቧንቧው ሮጣ ጠርሙሱን ሞላችው።

«የት ነው የጠፋሽው አንቺ? ያለሱ እፈራለሁ እኮ!» አለ ንጎር።

«ያስተማርኩህስ የት ሄደ?» አሉት አሠልጣኙ ላቲር። «አሸዋ ጨብጥ። እስከ አራት እየቆጠርክ አየር ሳብ፣ እስከ ስድስት ልቀቅ።»

«ኮች፣ እሱን ለጩጬዎቹ ያስተምሩልኝ» ብሎ ሳቀና ጠርሙሱን አናቱ ላይ ደፋው።

ያንዴ «ቆይ!» ልትለው ፈለገች። እሱ ግን ባዶውን ጠርሙስ አቀብሏት ወደ ሜዳው ገባ።

ንጎር ደህና ታገለ። ሁለቴ ባላጋራውን ሊጥለው ምንም አልቀረውም ነበር። በሦስተኛው ግን እግሩ ከዳውና ጀርባው አሸዋ ነካ። ተሸነፈ። ያንዴ ምን ልታደርግለት ትችላለች?

«አራት ዓመት ትከሻውን አሠለጠንኩ» አሉ ላቲር ለራሳቸው። «ልቡ ጋ ግን አልደረስኩም።»

ያንዴ ንጎርን ከአጥሩ ጥግ ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ያ ውሃ እንኳን ካልረዳኝ ችግሩ ከኔ ነው ማለት ነው» አላት። «በቃኝ፣ ያንዴ። የትግል ቀበቶዬን ለፈለገው ስጪው።»

ብትነግረው ዕድሜ ልኩን ይጠላታል፤ የአያቷ ቁጣም አለ። ዝም ብትል ደግሞ ዳግመኛ ሜዳ አይረግጥም። ሁለቴ ሊያሸንፍ የተቃረበው በቧንቧ ውሃ እንደነበር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

አጠገቡ ተቀመጠችና አሸዋ ጨበጠች። እስከ አራት ሳበች፣ እስከ ስድስት ለቀቀች። ልቧ አሁንም እንደ ከበሮው ይደልቃል። እንደገና ሞከረች፤ ያው ነው።

«ንጎር» አለች፣ አሸዋውን እንደጨበጠች። «የሼኩ ውሃ ተደፍቶብኝ ነበር።»