የረቡዕ ማብራሪያ

ናዝራዊት በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሕግ ፕሮግራም አዘጋጅ ነች። ዮኤልን ያወቀችው ግን ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም፤ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ ፈተና ሲያርም ነው።

«የሕግ መምህር ነህ?»

«ነኝ። ይቺን ተማሪ መጣል ነበረብኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ» አላት።

በሳምንቱ ረቡዕ ጠዋት የፕሮግራሟ እንግዳ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየመጣ አዳዲስ አዋጆችንና አነጋጋሪ ክሶችን ያብራራ ጀመር። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ካፌ ይቀመጣሉ። ወሬያቸው አልቆ እንኳ ማንም ቀድሞ አይነሳም።

ናዝራዊትን ያሳደጓት የእናቷ ባልንጀራ ወይዘሮ አልማዜ ነበሩ። ከቦንጋ መጥተው፣ ኮረሪማ ነግደው፣ ቤቴል ቤት ሠሩ። ሊሞቱ ሲሉ ጎረቤት ኑዛዜያቸውን ጻፈላቸው፤ በሦስት ምስክር ፊት ቤቱን ለናዝራዊት አወረሱ።

ወረቀቱን ለዮኤል ሰጠችው። አንብቦ አጠፈው።

«ደህና ነው?»

«ቆይ፣ በደንብ ልየው።»

ወረቀቱን ከሰጠችው በኋላ በሁለተኛው ረቡዕ የዕለቱ ርዕስ ውርስ ነበር። አንድ አድማጭ ደወሉ። ድምፃቸውን ወዲያው አወቀችው፤ የወይዘሮ አልማዜ ወንድም ጋሽ ሰብስቤ ናቸው።

«ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ በሦስት ምስክር ይጸናል ወይ?»

ዮኤል ቀና ብሎ አያት።

«አይጸናም» አለ በመጨረሻ። «አራት ምስክር ያስፈልጋል።»

ናዝራዊት ፕሮግራሙን ድምጿ ሳይሰበር ጨረሰች። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ዞረችበት።

«ታውቅ ነበር!»

«አውቅ ነበር። እንዳላሳዝንሽ ፈርቼ...»

«ለማታውቀው ሰው ሁሉ ትናገራለህ፤ ለእኔ አቃተህ? ከከተማው ሰው ሁሉ እኩል ነው የሰማሁት፣ ዮኤል!»

ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳችም። ጋሽ ሰብስቤ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤት ኑዛዜውን አፈረሰው። ልብሷንና የወይዘሮ አልማዜን ፎቶ ይዛ ሳንሱሲ አንድ ክፍል ተከራየች። አንድ ጠበቃ ግን በይግባኝ ታገኚዋለሽ ብሏት ነበርና በዚያ ተስፋ ከረመች።

አንድ እሑድ ከቸርች ስትወጣ ዮኤልን ግቢው ውስጥ ቆሞ አገኘችው። ከስቷል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እሱ አልተቀመጠም።

«ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

«ፍርዱን አንብቤዋለሁ። ይግባኝ ብትዪም አታሸንፊም፣ ናዚ። ቤቱ ሄዷል።»

ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ አለቀሰች። ዮኤል ካለበት አልተነቃነቀም። በኋላ ዓይኗን ጠርጋ ጠጋ አለችለት።

«ተቀመጥ» አለችው።

ሊጋቡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው፣ የተከራየላቸውን ቤት ሊያሳያት ወሰዳት። ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ ቆመ።

«ጣሪያው ያፈሳል» አላት፣ ገና ሳይከፍተው።

ናዝራዊት እጁን ያዘች።

«ባልዲ እንገዛለን» አለችው።