ብልቃጡ የበራበት ሰዓት

መምህር ደሬሳ በቤተ ሙከራው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን የመታው ብረት አጠገቡ ወድቋል። ኢንስፔክተር ሶረቲ ስትደርስ የረዳቱ የቤተል እጅ በካቴና ታስሮ ነበር። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት፤ ጠዋት ደግሞ «በጥናቱ ላይ ስሜ ይግባ!» እያለች ስትጮህበት ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ለያዟት ፖሊሶች ይኼ ከበቂ በላይ ነበር።

«ገዳይ!» አላት ማር ነጋዴው አቶ ነቢዩ።

«ዝም በል፣ አንተ ውኃ ሻጭ!» አለችው ቤተል።

«አቦ፣ ሁለታችሁም!» አለች ሶረቲ። «ለመጨረሻ ጊዜ ስታዩት ምን እያደረገ ነበር?»

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ያቤፅ ቀደመ። «ስድስት ሰዓት ላይ የአቶ ነቢዩን ማር ንጹሕ ማር ውስጥ ከሚበራው መፈተኛ ቀለም ጋር ቀላቀሉት። አልበራም። ‹ቀለሙ ተበላሽቶ ቢሆንስ? በግሊሰሪን ሳልሞክረው ሰው አልወነጅልም› ብለው ቤተልን እንድትገዛ ላኳት። እኔን ግሊሰሪን ማለቁን አልነገርከኝም ብለው ሰድበው አባረሩኝ። አላዝንላቸውም።»

«ሰባት ሰዓት ላይ አምጥቼ ሰጠኋቸው» አለች ቤተል። «እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላሉኝም። ምሳ በልቼ ስምንት ሰዓት ስመለስ ወድቀዋል።»

«እኔ ስድስት ተኩል ላይ በሰላም ተሰናብቼው ወጣሁ» አለ ነቢዩ። «ብልቃጡን ወይን ጠጁ የመፈተኛ መብራት ላይ ይዞ፣ አረንጓዴው ብርሃን ፊቱ ላይ ያበራ ነበር።»

ሶረቲ የሟቹን ደብተር ገለጠች። የመጨረሻው መስመር «የነቢዩ ማር፦ ጨለማ» ይላል። ከግሊሰሪኑ ጠርሙስ ጋር የነበረውን ደረሰኝም አነበበች። ከዚያ ሦስቱን ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ቤተል፣ ይኼ ቀለም የሚበራው መቼ ነው?»

«ብርሃን ሲያርፍበት ቅንጣቱ መጠማዘዝ ይፈልጋል። በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ እንደ ልቡ ይጠማዘዝና የወሰደውን ብርሃን በዚያው ይጨርሳል። ወፍራም ፈሳሽ ግን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ መዞር ሲያቅተው ይበራል። ንጹሕ ማርም ግሊሰሪንም ያበሩታል።»

ሶረቲ ወይን ጠጁን መብራት አበራች። ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ሁለት ብልቃጦች አንዱ እንደጨለመ ቀረ፤ ሌላው አረንጓዴ ሆነ።

«የጨለመው የእርስዎ ማር ነው፤ ውኃ ገብቶበታል። የበራው ግሊሰሪኑ ነው። ደረሰኙ እንደሚለው መርካቶ የተገዛው ስድስት ከአርባ ላይ ነው። ከሰባት ሰዓት በፊት እዚህ ክፍል ውስጥ የሚበራ ነገር አልነበረም። ስድስት ተኩል ላይ ከወጡ ብርሃኑን የት አዩት?»

ነቢዩ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ተመልሰህ መጥተሃል» አለች ሶረቲ፣ አክብሮቱን ትታ። «ቀለሙ ደህና፣ ማርህ ግን የውሸት መሆኑን አሳየህ። ከዚያ ዞር ሲል መታኸው።»

«ለደንበኞቼ ሁሉ እናገራለሁ አለኝ!» ብሎ ጮኸ ነቢዩ። «ሃያ ዓመት የለፋሁበትን ስም!»

ካቴናው ከቤተል እጅ ወጥቶ ነቢዩ እጅ ላይ ገባ።

«ይቅርታ፣ እህቴ» አለቻት ሶረቲ።

ቤተል አንጓዋን እያሸች ወደ ሬሳው ተመለከተች። ጠዋት የጠላችውን ሰው አሁን እያለቀሰች ታየዋለች።

«ይቅርታሽን እዚያው ያዢው። እኚህ ሰውዬ በውኃ ሻጭ ላይ እንኳ ሳያረጋግጡ አልፈረዱም። እናንተ እኔን ስታስሩ ምን አረጋገጣችሁ?»

ሶረቲ መብራቱን አጥፍታ ወጣች።